ለግት በሽታ ከአንቲባዮቲክ ሌላ ምን አለ? ወለላ ለሦስተኛ ጊዜ ታመመችብኝ

የሱሉልታዋ | ነሐሴ 9

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። 6 ከብት አለኝ። ሦስቱ ይታለባሉ፣ አንዷ እርጉዝ ጊደር ናት፣ ሁለቱ ጥጆች ናቸው። ጥያቄዬ ስለ ወለላ ነው። ወለላ ክልስ ሆልስታይን ናት። የመጀመሪያ እቁቤ ሲወጣልኝ የገዛኋት እሷን ነው። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ወልዳ በቀን 16 ሊትር ትሰጠኝ ነበር።

በወለደች በሦስተኛው ሳምንት የኋላ ግራ ጡቷ አበጠ። ወተቱ እንደ አይብ እየጓጎለ መጣ። መድኃኒት ቤት ሄጄ ነገርኳቸው፣ በጡት ቀዳዳ የሚገባውን ቱቦ ሸጡልኝ። ላሟን ያያት ሰው የለም። 3 ቀን አስገባሁላት፣ ተሻላት። ከወር ተኩል በኋላ እዚያው ጡት ላይ ተነሳ። ያንኑ ቱቦ ደገምኩ፣ መርፌም ተጨመረበት። አሁንም ዳነች አልኩ። ይኸው ከትናንት ወዲያ ጠዋት ተመልሶ እዚያው። ጡቱ ይሞቃል፣ ጠጥሯል። ላሟ ግን ትበላለች፣ ታመነዥካለች። ወተቷ ወደ 9 ሊትር ወርዷል።

እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ወተት የምሰጣቸው ጎረቤት አሉኝ፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ባለፈው መጥተው፣ «ልጄ፣ ወተትሽ ምን ሆነብኝ? 3 ቀን አስቀምጬው እርጎ አልሆን አለ» አሉኝ። ጥፋቱ የቅሉ መስሏቸው እንደገና በወይራ አጥነው ሞክረዋል። ያው ነው። እኔ ወዲያው ገባኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ወለላ መድኃኒቷን በጨረሰች ማግስት ወተቷ ነጭ ሆኖ ሳየው ከሌሎቹ ጋር ቀላቅዬ ሸጬ ነበር። እሳቸው ቤት የ2 ዓመት የልጅ ልጅ አለች። ያን ወተት የምትጠጣው እሷ ናት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መድኃኒት ላይ እያለች የሚታለበውንም እንዳይባክን ብዬ ለጥጆቹ ነበር የምሰጠው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ያለ አንቲባዮቲክ ይህን በሽታ የሚያድን ነገር አለ ወይ? የሀገር ቤትም ይሁን የውጭ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ማር ይላል፣ አንዱ ኮምጣጤ ይላል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት። ወለላ ላይ መሞከር ግን ፈራሁ። የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

የሸዋ ልጅ | ነሐሴ 9

እህቴ አይዞሽ። እናቴ ላሞቿ ጡታቸው ሲያብጥ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ በቅቤ ለውሳ ግቱን ታሽ ነበር። አንዳንዴም እሬት ትቀባቸዋለች። እብጠቱ ሲቀንስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የነጭ ሽንኩርት ውሃ በሲሪንጅ አድርጎ በጡቷ ቀዳዳ ያስገባ ነበር። እስቲ ሞክሪው፣ ምንም ጉዳት የለውም።

የወረዳ ሐኪም | ነሐሴ 10

የሸዋ ልጅ፣ እናትህ ከውጭ ማሸቷ መልካም ነው። እሬትም ቆዳውን ያቀዘቅዛል፣ ላሟ ቀለል ይላታል። «ጉዳት የለውም» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ቤት የተዘጋጀ ነገር በጡት ቀዳዳ አይገባም። ነጭ ሽንኩርት ላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደሉ እውነት ነው። ግት ውስጥ ያለው ሥጋና ወተት ግን ሌላ ዓለም ነው። እቤት የተጨመቀ ውሃ ደግሞ እርሾና ሻጋታ ይዞ ይገባል። የእርሾና የሻጋታ የግት በሽታ አንቲባዮቲክ ጨርሶ አይነካውም። ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። እንዲህ ተደርጎባቸው ጡታቸው እንደ ድንጋይ የቀረ ላሞች አይቻለሁ። ማሩም ኮምጣጤውም ያው ነው።

እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «ከአንቲባዮቲክ ሌላ ምን አለ?» ከማለትሽ በፊት «የያዛት የትኛው ባክቴሪያ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የግት በሽታ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው ብዙ ነው። እኔ አዘውትሬ የማገኛቸውን ሦስቱን ልንገርሽ።

አንደኛው ኢ ኮላይ ነው። ከእበትና ከእርጥብ ወለል ይመጣል። ድንገት ይነሳል፣ ወተቱ ውሃ ውሃ ይላል። ቀላል ከሆነ ብዙ ጊዜ የላሟ የራሷ ሰውነት ያጠፋዋል። እኛ ቱቦ ይዘን ስንደርስ ባክቴሪያው ከወተቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የቀረው እብጠቱ ነው። አንቲባዮቲክን መተው የሚቻለው እንዲህ ያለው ላይ ነው። የሚያስፈልጋት እንደ ሜሎክሲካም ወይም ፍሉኒክሲን ያለ የህመምና የእብጠት ማስታገሻ፣ እንደልቧ የምትጠጣው ውሃ፣ ደረቅ መኝታና ጡቱን አሟጥጦ ማለብ ነው። ማስታገሻውም ቢሆን ወተቱ የማይሸጥበት ቀን አለው፣ ማሸጊያውን አንብቢ። ነገር ግን መኖ ካቆመች፣ ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ጆሮዋ ከቀዘቀዘ፣ መነሳት ካቃታት ሐኪም በሌሊትም ቢሆን ጥሪ። መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ያን ጊዜ በደም ሥር ፈሳሽም አንቲባዮቲክም ያስፈልጋታል። ያን ጊዜ አማራጭ ፍለጋ አይገባም።

ሁለተኛው ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ ይባላል። ኑሮው ግት ውስጥ ነው፣ በአላቢ እጅና በጨርቅ ከላም ላም ይሄዳል። ይህን ፔኒሲሊን ጥሩ አድርጎ ያጠፋዋል። አንቲባዮቲክ ጠላሁ ብለሽ ይህን ሳታክሚ ብትተይው በረቱን በሙሉ ያዳርሰዋል።

ሦስተኛው ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ነው። ለወለላ የፈራሁላት ይህን ነው። ግቱ ውስጥ ጠልቆ ትንንሽ መግል ሠርቶ ይደበቃል፣ የሰውነቷ ህዋሶች ውስጥ ሳይቀር ይገባል። መድኃኒቱ አይደርስበትም። እብጠቱ ሲወርድ ዳነች እንላለን፣ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ እዚያው ጡት ላይ መመላለሱ ይህንን ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ያንኑ ቱቦ ለአራተኛ ጊዜ ማስገባት ገንዘብሽንም ወተትሽንም መድፋት ነው።

ስለዚህ አሁን ምንም ሳትሰጫት ናሙና ውሰጂ። ጡቱን እጠቢ፣ አድርቂ። ጫፉን በ70 በመቶ አልኮል በጥጥ ጥርግ አድርጊው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጭማቂዎች ድፊ። ከዚያ ንጹሕ የላቦራቶሪ ብልቃጥ አዘንብለሽ ይዘሽ እለቢበት፣ ክዳኑ መሬት እንዳይነካ። በረዶ ውስጥ አድርገሽ በዚያው ቀን አድርሺው። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ አለልሽ፣ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁም አለ። ባክቴሪያው ለመብቀል 1 ወይም 2 ቀን ይፈልጋል።

የሌሎቹን ላሞች ግት ደግሞ ራስሽ ፈትሺ። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ግራም የዱቄት ሳሙና በጥብጪ። ጥቁር ሳህን ላይ የየጡቱን ወተት ለየብቻው አድርገሽ በልኩ የሳሙናውን ውሃ ጨምሪ፣ ቀስ አድርገሽ አሽከርክሪው። ቀጭን ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። እንደ ተልባ ከተዝለገለገ ላሟ ባትታመምም ውስጡ በሽታ አለ። ሐኪሞች የምንሠራበት የካሊፎርኒያው ምርመራ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። የፈተሽሽበትን ወተት ድፊው።

ስለ ጎረቤትሽ። እርጎ የሚያደርገውም ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት ያለበት ወተት ያንንም ይገድለዋል፣ ለዚህ ነው ያልረጋው። ወተት ነጭ ስለሆነ ከመድኃኒት ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቀን ቁጠሪ። ለጥጆችም አትስጪ፣ አንጀታቸው ውስጥ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ታሳድጊባቸዋለሽ።

የሱሉልታዋ | ነሐሴ 12

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አላቢው ልጅም እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

የሳሙናውን ፈተና ትናንት ማታ ሠራሁ። ወለላ እንደፈራሁት ነው፣ ያ ጡት እንደ አጥሚት ወፈረ። ሌላዋ ላሜ ቡሬ አራቱም ጡቷ ደህና ነው። ያስደነገጠችኝ ዳማ ናት። ዳማ አንድም ቀን ታማብኝ አታውቅም፣ ወተቷም ነጭ ነው። ሁለት ጡቷ ላይ ተዝለገለገ። ለስንት ጊዜ እንዲህ እንደነበረች እንጃ። የወለላንም የዳማንም ናሙና ዛሬ ጠዋት ሰበታ አድርሻለሁ። እስከዚያ የሁለቱን ወተት አልሸጥም።

አንድ ነገር ልናገር። አላቢያችን ጡቱ እንዲያንሸራትትለት እጁን ቅቤ ይቀባል። ቅቤው በአንድ ጣሳ ነው፣ ለሦስቱም ላም። ግቱ የሚጠረግበት ጨርቅም አንድ ነው። ሁሌም የምትታለበው አስቀድማ ወለላ ናት፣ ብዙ ስለምትሰጥ። ዶክተር የጻፉትን ሳነብ ይሄ ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ።

ባለ አሥራ አራት | ነሐሴ 12

ከቢሾፍቱ ነኝ፣ 14 ላም አለኝ። እህቴ፣ የጻፍሽው የእኔ የዛሬ 5 ዓመት ታሪክ ነው። ያቺ የቅቤ ጣሳ እኔም በረት ነበረች። እጁ ከታመመችው ወደ ጣሳው፣ ከጣሳው ወደ ጤነኛዋ። በሽታውን ራሴ በቅቤ እየቀባሁ ሳዳርስ ነበር።

መጀመሪያ ተራውን ቀየርኩ። ጊደር ወልዳ የገባች ትቀድማለች፣ ከዚያ ጤነኞቹ፣ የታመመች መጨረሻ። ይሄ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ቅቤው ቀረ። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ጨርቅ፣ ከዚያ ይቀቀላል። እጥበቱን ጡቱ ላይ ብቻ አደረግን። ግቱን በሙሉ ስናጥብ ቆሻሻው ውሃ ወደ ጡቱ ጫፍ እየወረደ ነበር።

ትልቁ ግን አዮዲኑ ነው። ከታለቡ በኋላ አራቱንም ጡት በኩባያ መንከር። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሚ። መጀመሪያ የቁስል አዮዲን ገዝቼ ሳልበርዝ ነከርኩ። ጡታቸው ተሰነጣጠቀ፣ ስንጥቁ ደግሞ ለዚያ ለስታፍ (ለስታፊሎኮከስ) ቤት ሆነው። ለጡት ተብሎ የተሠራውን ግዢ። ከ0.5 እስከ 1 በመቶ አዮዲን ያለው ነው፣ ቆዳ የሚያለሰልስ ግሊሰሪን ገብቶበታል። ኩባያው ውስጥ የተረፈውን ወደ ዕቃው አትመልሺ።

ከታለቡ በኋላ መኖ አቅርቢላቸው። የጡት ቀዳዳ ለግማሽ ሰዓትም ለአንድ ሰዓትም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ወዲያው ከተኙ ጭቃውና አዛባው ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ፉርሽካና ፋጉሎውን ከመታለቡ በፊት እሰጥ ነበር፣ ድርቆሹን ወደ በኋላ አዞርኩት። ቆመው ይበላሉ። አሁን በነሐሴ ጭቃ ይሄ ብቻውን ብዙ ያድናል።

ከዚያ ወዲህ ቱቦ የምገዛው ከስንት አንዴ ነው። ክረምት ላይ አንድ ሁለት ላም ትታመምብኛለች፣ እሷን ሐኪም ያያታል። አዲስ ላም ስገዛ ደግሞ ገበያ ላይ ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ። ሻጮች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ከፍሪስላንድ | ነሐሴ 14

ሰላም ለሁላችሁ። ኔዘርላንድስ ውስጥ 130 ላም ያለው እርሻ ላይ አላቢ ሆኜ እሠራለሁ። የመጣሁ ሰሞን እዚህ አንቲባዮቲክ የሚተካ ተአምር መድኃኒት ያላቸው መስሎኝ ነበር። በረቱ ውስጥ የማየው ግን ከላይ ወንድሜ የጻፈውን ነው፦ ጓንት፣ አዮዲን፣ ደረቅ መኝታ፣ የእያንዳንዷ ላም መዝገብ።

ሕጉ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 28 ቀን 2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አንቲባዮቲክን ለጤነኛ መንጋ እንደ ልማድ መስጠት ተከልክሏል። ድሮ ላም ስትደርቅ፣ ማለትም ከመውለዷ በፊት መታለብ ስታቆም፣ አራቱም ጡቷ ላይ የአንቲባዮቲክ ቱቦ ይገባ ነበር፣ ታመመችም አልታመመች። አሁን ወተቷ ተመርምሮ የታመመችዋ ብቻ ናት የምታገኘው። ጤነኛዋ የጡት ቀዳዳ ማሸጊያ ይደረግላታል። ቢስመዝ ሰብናይትሬት የሚባል ነጭ ቅባት ነው፣ የጡቱን ቀዳዳ ከውስጥ እንደ ቡሽ ይዘጋዋል። ባክቴሪያ አይገድልም፣ በር ብቻ ይዘጋል። ስለዚህ ስታስገቡት እጃችሁም ጡቱም በአልኮል የጸዳ መሆን አለበት። ቆሻሻ ላይ ካሸጋችሁት ባክቴሪያውን ውስጥ ቆለፋችሁበት ማለት ነው፣ ላሟን ልትገድሏት ትችላላችሁ።

ክትባትም አለ። የኢ ኮላዩ ላሟ እንዳትያዝ አያደርግም፣ ስትያዝ ግን ያቀልላታል። ናይሲን የሚባልም አለ፣ ራሳቸው የወተት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነገር ነው፣ የጡት መጥረጊያ ውስጥ ይጨመራል። ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች፣ ፌጅ የሚባሉት፣ ላይም ብዙ ይመራመራሉ። ብልቃጥ ውስጥ ስታፍን ይገድላሉ፣ ወተት ውስጥ ሲገቡ ግን የአጓቱ ፕሮቲን ባክቴሪያው ላይ እየተለጠፈ ያግዳቸዋል። እኔ በምሠራበት በረት እስካሁን አልገባም። እህቴ፣ እሱን ብለሽ አትጠብቂ።

ይቅርታ አንድ ልጨምር። ሀገር ቤት አያቴ ቅል በወይራ ሲያጥኑ ጭሱ ለሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጭሱ ቅሉ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይቀንሳል። እዚህ ማሽን በሙቅ ውሃና በአሲድ በሚታጠብበት ሰዓት ሁሌ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

የሱሉልታዋ | ጥቅምት 6

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ብዙ ነገር ሆነ።

ዶክተር እንዳሉት ወለላ ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ናት። ዳማ ደግሞ ሁለተኛው፣ ስትሬፕቶኮከሱ። ውጤቱን ይዤ የእኛን አካባቢ ሐኪም አመጣሁ። ዳማን በፔኒሲሊን አከማት። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩት፣ በየቀኑ አንድ አንድ እሰርዝ ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ወተቷን ጉድጓድ ደፋሁ። የሚደፋ ወተት ማየት ያማል። ከ3 ሳምንት በኋላ በድጋሚ አስመረመርኳት፣ ነጻ ናት። ሳሙናውም ላይ ቀጭን ነው።

ወለላን ሐኪሙ ለአራተኛ ጊዜ አላከማትም። በማስታገሻ እብጠቱ ወረደ፣ ያ ጡት ግን ከእንግዲህ አይታለብም፣ ደርቋል። ከሦስቱ ጡቶቿ ሳሙናው ላይ ደህና የሆኑትን መጨረሻ እናልባለን፣ በራሷ ጨርቅ። የ4 ወር እርጉዝ ናት። ከወለደች በኋላ ወደ ሌላው ጡት ከተዛመተ ለሥጋ ትሄዳለች። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ጥሩ ዋጋ ሰጥቶኝ ነበር፣ ለሱ በረት። እውነቱን ነገርኩትና ተመለሰ። ሌላ ሰው ላሞች መሃል ይዛው እንድትገባ አልፈልግም።

አላቢው ልጅ የቅቤዋን ጣሳ ራሱ ወስዶ ጣላት። አሁን አዮዲን እኔ ብረሳ እሱ አይረሳም።

ለጎረቤቴ እውነቱን ነግሬያቸው ይቅርታ ጠየቅኩ። ቆይተው ወተቱን እንደገና መውሰድ ጀመሩ። ባለፈው ቅዳሜ በሰሃን እርጎ ይዘውልኝ መጡ፣ በ2 ቀን የረጋ።

ዶክተር፣ ጊደሯ በኅዳር መጨረሻ ትወልዳለች። ጡቷን አዮዲን መንከር ከስንት ቀን በፊት ልጀምር?

የወረዳ ሐኪም | ጥቅምት 7

ከመውለዷ 3 ሳምንት ሲቀራት ጀምሪ፣ በሳምንት 3 ጊዜ። መኝታዋን ከአሁኑ ለይተሽ ደረቅ ጭድ አንጥፊላት። ከወለደች ጥጃው የእናቱን እንገር በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ይጥገብ። የወለላን ወተት ለየትኛዋም ሴት ጥጃ አታጠጪ፣ ጥጆቹም እርስ በርስ ጡት እንዳይጠባቡ ለያዪያቸው። የወለደች ቀን ጻፊልኝ።